የማይገዛ ሰው ዋጋ ሲጠይቅ

ስኩባ ሊማር የተነሣ ሰው፣ አገሩ አሜሪካም ይሁን አውሮፓ ወይም እስራኤል፣ ገና ባሕር ሳይገባ አንድ ክርክር ይጠብቀዋል፤ ዕቃውን ከመጥለቂያ ሱቅ ይግዛ ወይስ በኢንተርኔት ይዘዝ? ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የዋጋና የደኅንነት ነው። አንዱ ወገን ያው ፋብሪካ ለሠራው ለዚያው የመተንፈሻ ዕቃ፣ ለሬጉሌተሩ፣ ለምን ተጨማሪ ይከፈላል ይላል፤ ሌላው ወገን ነፍስ የሚጣልበት ዕቃ ፊቱ ካልታየ ሰው አይገዛም ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ከሁለቱም የሚከብደው ጥያቄ ግን በመካከላቸው ሳይነሣ ያልፋል። አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ መነጽር ፊቱ ላይ ለክቶ፣ የኒዮፕሪን ልብስ ሞክሮ፣ የባለሱቁን የአንድ ሰዓት ማብራሪያ ሰምቶ፣ «ላስብበት» ብሎ ይወጣና መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ያንኑ ዕቃ በስልኩ ከሌላ ቦታ ያዛል፤ ሲገባም አሳቡ ይኸው ነበር። ይህ ሰው በድሏል ወይ? በድሏል ባይ ነኝ። በደሉ ግን ብዙዎች እንደሚሉት በኢንተርኔት መግዛቱ አይደለም፤ የሰፈሩን ሱቅ መተዉም አይደለም። የበደለው ዋጋ የጠየቀ ጊዜ ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። የውሃ መነጽር መምረጥ ለማያውቀው ሰው ቀለም የመምረጥ ያህል ይቀለዋል። የሚያውቅ ባለሱቅ ግን መነጽሩን ያለ ማሰሪያው ደንበኛው ፊት ላይ ያሳርፍና በአፍንጫው ቀስ ብሎ አየር እንዲስብ ይነግረዋል፤ እጅ ሲለቀው መነጽሩ እዚያው ተጣብቆ ከቀረ ልኩ ነው፣ ከወደቀ ወይም በጎን በኩል አየር ካስገባ አይደለም። ከሲሊኮኑ ጠርዝ ሥር የገባች ትንሽ ፀጉር ውሃ እንደምታስገባ፣ ጢም ያለው ሰው ከላይኛው ከንፈሩ በላይ እንደሚያፈስበት፣ ሰፊ መነጽር ማሰሪያውን በማጥበቅ ለጠባብ ፊት ልክ እንደማይሆን የሚያውቀው ብዙ ፊት ያየ ሰው ነው። የኒዮፕሪኑ ልብስ ይብሳል፤ እየተጎተተ የሚገባ፣ ላብ በላብ የሚያደርግ፣ ዚፑን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው የሚስብለት ልብስ ነው፤ ጀርባው ላይ ትንሽ ክፍተት ከተወ ውሃው እየገባና እየወጣ የገላን ሙቀት ይወስዳል። ሬጉሌተሩ ጋ ሲደረስ ደግሞ ነገሩ ከመለካት ወደ ማስተማር ያልፋል። ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ከሠሩት ዕቃ ጀምሮ ተግባሩ አንድ ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ በ200 ባር ገደማ የታመቀውን አየር ጠላቂው ካለበት ጥልቀት ግፊት ጋር አስተካክሎ፣ ሳንባ በጠየቀ ጊዜ ብቻ መስጠት። የዛሬዎቹ ይህን በሁለት ደረጃ ያከናውኑታል። የመጀመሪያው ሲሊንደሩ አፍ ላይ ታስሮ ግፊቱን በዙሪያው ካለው ውሃ በ10 ባር ገደማ እስኪበልጥ ድረስ ያወርደዋል፤ ሁለተኛው ጠላቂው አፍ ላይ ሆኖ ቀሪውን ይጨርሳል። የትኛው ዓይነት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደሚሻል፣ የትኛው ማያያዣ በየትኛው አገር ከሚከራየው ሲሊንደር ጋር እንደሚገጥም ለጀማሪ የሚያስረዳ ሰው እየሰጠ ያለው ጊዜውንና የዓመታት ልምዱን ነው። ያልተወደደ ዕቃ ቢመለስ መልሶ ይሸጣል፤ የተነገረ እውቀት ግን ተመልሶ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ደንበኛው ዕቃውን ሳይወስድ ሲወጣ ባዶ እጁን የወጣ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ይዞት የወጣው ነገር አይታይም።

በሃይማኖት መጻሕፍት ውስጥ የገበያ ኃጢአት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ሻጭ ነው፤ ሐሰተኛ ሚዛን፣ ጎዶሎ መስፈሪያ። ገዢው እምብዛም አይጠራም። መጽሐፈ ምሳሌ በ20ኛው ምዕራፉ ዕቃውን እያጣጣለ ገዝቶ ዞር ሲል የሚኩራራውን ገዢ ያነሣል፤ ከዚያ በላይ የሄደው ግን የአይሁድ ሚሽና ነው። እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ የተጠናቀረው ይህ የሕግ መጽሐፍ፣ ባቫ መጺዓ በተባለው ክፍሉ አራተኛ ምዕራፍ ላይ፣ ከዋጋ ማታለል ጎን የቃል በደልን ያስቀምጥና ለቃል በደል የመጀመሪያ ምሳሌ የሚያደርገው የማይገዛውን ዕቃ ዋጋ የሚጠይቅን ሰው ነው። አስከትሎ የሚያመጣቸው ምሳሌዎች ናቸው የሚያስገርሙት፤ ንስሐ ለገባ ሰው የቀድሞ ሥራውን ማስታወስ፣ ወደ እምነቱ ለገቡ ሰዎች ልጅ የአባቶቹን ሥራ ማንሣት። ዋጋ መጠየቅን ከእነዚህ ጋር የደመረ ሰው ነገሩን እንደ ጥቃቅን የገበያ ጸያፍነት አላየውም ማለት ነው። መሠረቱ የእኛም መጽሐፍ የሆነው ኦሪት ዘሌዋውያን ነው። 25ኛው ምዕራፍ በቁጥር 14 እና በቁጥር 17 አንዱ ሌላውን እንዳይበድል ሁለት ጊዜ ይከለክላል፤ የአይሁድ ሊቃውንት ክልከላው በከንቱ አልተደገመም ብለው የመጀመሪያውን ለገንዘብ፣ ሁለተኛውን ለቃል ሰጡት። ሁለተኛው ላይ እግዚአብሔርን መፍራት መታከሉንም የሚሽና ማብራሪያ የሆነው ታልሙድ ሲተረጉም፣ ይህ በደል ልብ ብቻ የሚያውቀው ስለሆነ ነው ይላል። ጠያቂው ሊገዛ መጥቶ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ምስክር ሊያረጋግጥ፣ ዳኛም ሊያይ አይችልም። ጥያቄው ከሚገዛውም ከማይገዛውም አፍ ሲወጣ አንድ ዓይነት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ክሱን እንደገና መጻፍ ይቻላል። ባለሱቁ ተነሥቶ ልብሱን ከመስቀያው ሲያወርድ፣ ጎንበስ ብሎ ዚፑን ሲስብ፣ ሁለተኛ ልክ ፍለጋ መጋዘን ሲገባ አንድ እምነት ይዞ ነው፤ ይህ ሰው ሊገዛኝ ይችላል የሚል። እምነቱን የተከለው የደንበኛው ጥያቄ ነው። ደንበኛው እምነቱ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ጉልበቱን ከተቀበለ፣ አንዲት የሐሰት ዓረፍተ ነገር ሳይናገር ዋሽቷል። ባይዋሽ ኖሮ የማያገኘውን ነገርም አግኝቷል።

«እንዲያ ከሆነማ መርካቶ ገብቶ ከኃጢአት የሚወጣ የለም» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። አምስት ሱቅ ሳይጠይቅ ጋቢ የሚገዛ ሰው እዚያ እንደ ሞኝ ይታያል። ታልሙድ ላይ ረቢ ይሁዳ ከዚህም አልፈው ገንዘብ ያልያዘ ሰው ሸቀጥ ላይ ዓይኑን እንኳ ማሳረፍ የለበትም ብለዋል፤ ይህ ግን የበዛ ይመስለኛል። ዋጋ እያነጻጸረ የሚዞር ሰው ማንንም አያታልልም። ሻጩም የሚጠይቀው ሁሉ እንደማይገዛ ያውቃል፤ ልማዱ ለሁለቱም የታወቀ ነው፤ ዋጋውም ተቀባይነት ካገኘ ሰውየው ከዚያው ሊገዛ ይችላል። መመዘኛው እንግዲህ መጠየቁ ሳይሆን፣ ጠያቂው በሌላው ልብ ውስጥ ያስቀመጠው እምነት ነው። አምስት ሱቅ የሚዞር ሰው በእያንዳንዱ ሱቅ የመግዛት ዕድል ይዞ ይገባል። ከመግባቱ በፊት የሌላውን ሻጭ ገጽ ስልኩ ላይ ከፍቶ ልኩን ብቻ ሊያረጋግጥ የመጣው ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልያዘም። ባለሱቁ ለዕጣ ጉልበቱን አውጥቷል፤ ደንበኛው ግን ዕጣው አስቀድሞ መውጣቱን ያውቃል።

ከፍልስፍናው ወገን የሚመጣው ተቃውሞ ጠንከር ይላል። እንግሊዛዊው የሕግ ፈላስፋ ኤች. ኤል. ኤ. ሃርት እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሌሎች በጋራ ደንብ ራሳቸውን ገድበው ባፈሩት ነገር የተጠቀመ ሰው የድርሻውን የመወጣት ግዴታ አለበት የሚል አሳብ አቀረበ። ፈላስፋው ሮበርት ኖዚክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን ተቃወመ። ጎረቤቶች በድምፅ ማጉያ ለሰፈሩ ዜናና ሙዚቃ ማሰማት ይጀምራሉ፤ በየቀኑ አንድ ሰው ተራውን ያሰማል፤ አንተም በመስኮት እየሰማህ ተደስተሃል፤ ታዲያ ተራህ ሲደርስ አንድ ቀን ሙሉ የመሥራት ግዴታ አለብህ? የለብህም ይላል ኖዚክ፤ ሰዎች የማትፈልገውን ጥቅም ጭነውብህ ዕዳ ሊያስከፍሉህ አይችሉም። እዚህ ላይ ኖዚክ ልክ ነው እላለሁ። የሱቁን የመስታወት ትርኢት እያየ የሚያልፍ፣ ማስታወቂያውን ያነበበ፣ ባለሱቁ ሳይጠራ መጥቶ ምክር ያወረደበት ሰው ምንም ዕዳ የለበትም። መነጽር የሚለካው ሰው ግን በመስኮት የሰማ ጎረቤት አይደለም። ራሱ በሩን ከፍቶ ገብቷል፣ ራሱ ጠይቋል፣ እንዲለካለት ፊቱን ሰጥቷል። ኖዚክ ከዕዳ ነጻ ያወጣው የተጫነበትን ሰው ነው፤ ለምኖ የተቀበለውን አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ የነጋዴ ነው፤ ሱቁ ይህን ሁሉ አስቀድሞ አስቦታል፣ ከሚገቡት አሥር ሰዎች ስንቱ እንደሚገዛ ያውቃል፣ ወጪውም ዋጋው ውስጥ ገብቷል ይላል። ሱቆች ለሌባም ያስባሉ። የሚጠበቀው ስርቆት ወጪ ሆኖ መዝገብ ላይ መግባቱ ስርቆትን አላጸደቀም፤ ሸክሙን ወደ ሐቀኛው ገዢ አዛወረው እንጂ። እዚህም እንደዚያው ነው፤ ልኩን ወስዶ የሚሄደውን ሰው ሰዓት የሚከፍለው ከዚያው ሱቅ የሚገዛው ነው።

የሕግ ሰዎች ጉዳዩን በራሳቸው መንገድ ሞክረውታል፤ ሙከራቸው በደሉ የት እንዳለ ከነጉድለቱ ያሳያል። ኢኮኖሚስቱ ሌስተር ቴልሰር እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ ጥያቄ አነሣ፤ አምራች ለምን ቸርቻሪዎቹ ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳይሸጡ ይፈልጋል? መልሱ፣ ማብራሪያ የሚፈልግ ዕቃ ከሆነ ደንበኛው ማብራሪያውን ካንዱ ሱቅ ወስዶ ዕቃውን ከርካሹ ይገዛል፤ በመጨረሻ ማብራሪያ የሚሰጥ ሱቅ አይኖርም የሚል ነበር። ይህ አሳብ እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ፍሬ አፈራ። ሊጂን የተባለ የቆዳ ውጤቶች አምራች ዕቃውን 20 በመቶ ቀንሶ ይሸጥ ለነበረ የቴክሳስ ሱቅ ማቅረብ አቆመ፤ ሱቁም ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ እንዲህ ያለውን የዋጋ ስምምነት ያለ ምንም ምርመራ ሕገ ወጥ ያደርግ የነበረውን ደንብ ሻረ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የማብራሪያ ሱቆች መጎዳት ነበር። ዳኛ ብሬየር በልዩነት አሳባቸው ውጤቱ ለሸማቹ የዋጋ መጨመር እንደሚሆን አስጠነቀቁ። በአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለው ዋጋ መወሰን እስከ ዛሬ በጥብቅ የተከለከለ ነው። እኔ በዚህ ከአውሮፓ ጋር ነኝ። የዋጋ ወለል ሲተከል በኢንተርኔት የሚያዘው ሁሉ ይከፍላል፤ ከነዚያ መካከል ደግሞ በሕይወቱ የመጥለቂያ ሱቅ ደጃፍ ያልረገጠ፣ የማንንም ሰዓት ያልወሰደ አለ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለጅቡቲ ወይም ለሁርጋዳ ጉዞው መነጽር በኢንተርኔት የሚያዝ ሰው ማንን በደለ? ሕጉ ልብን ማየት ስለማይችል ዋጋን ይዞ ቀጣ፤ ዋጋ ግን ንጹሑን ከበዳዩ አይለይም።

በኢንተርኔት የሚሸጠውም ቢሆን የራሱ መለኪያ ክፍል እንዳለው ይዘነጋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2011 የሸማቾች መብት መመሪያ ከርቀት ለገዛ ሰው ያለ ምንም ምክንያት የሚመልስበት 14 ቀን ይሰጠዋል። ያ ሰው ዕቃውን በዚህ ጊዜ ውስጥ ሊያየውና ሊሞክረው የሚችለው ሱቅ ውስጥ ሊያደርገው በሚችለው መጠን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ተጠቅሞበት ዋጋውን ካወረደው ልዩነቱን ይከፍላል። ማለትም መነጽሩን ቤቱ ውስጥ ፊቱ ላይ ለክቶ ሊመልሰው ይችላል፤ ባሕር ገብቶበት መመለስ ግን ያስከፍለዋል። አሜሪካ ውስጥም ብዙ ሻጮች ሕግ ሳያስገድዳቸው መመለስን ይፈቅዳሉ። እንግዲህ ርካሹን ዋጋ የመረጠ ሰው ሦስት መነጽር አዝዞ ሁለቱን ቢመልስ ድካሙ የሚያርፈው እሱ ራሱና የመረጠው ሻጭ ላይ ነው፤ ውሉም እንዲሁ ይላል። ለርካሹ ዋጋ ያለው ድካም ይኸው ነው፤ የሰፈሩ ባለሱቅ በነጻ የሚሸከመው አይደለም።

ለሱቁ ተከራካሪ ሆነው የሚቀርቡ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ይልቅ አየሩን ያነሣሉ። አንድ ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር ያህል አየር ይይዛል፤ 30 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከውሃው ወለል አራት እጥፍ ስለሆነ አየሩም በአራት እጥፍ ፍጥነት ያልቃል። ይህን አየር በፖስታ የሚልክ የለም። ኮምፕረሰሩ ያለው ሱቁ ጋ ነው፤ የአየር መሳቢያው ከሞተር ጭስ የራቀ መሆኑን፣ ማጣሪያው በጊዜው መለወጡን የሚጠብቀውም እሱ ነው፤ ወለል ላይ ችላ የሚባል መጠን ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጥልቀት ላይ ግፊቱ ስለሚጨምር አደገኛ ይሆናልና። አሜሪካ ውስጥ ሲሊንደሮች በየአምስት ዓመቱ በውሃ ግፊት መፈተን አለባቸው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በሱቁ በኩል ነው። ሱቁ ከተዘጋ ማን ይሞላልሃል? ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን የብልጠት ጥያቄ እንጂ የግብረ ገብ አይደለም። ሱቁ አየሩን በሚያዋጣው ዋጋ መሸጥ ይችላል፤ ሰውም አየር መግዛቱ መነጽር እንዲገዛ አያስገድደውም። ማንም ሰው ለማንም ሱቅ ዕድሜ ዕዳ የለበትም። ይህን ክርክር የማልቀበለው ለሱቁ ስለሚያደላ ሳይሆን፣ ከተሳካ የሚያረጋግጠው የተሳሳተውን ነገር ስለሆነ ነው፤ በኢንተርኔት የሚገዛውን ሁሉ በዳይ ያደርግና ባለሱቁን ያታለለውን ከሌላው ጋር ይደባልቀዋል።

ባለሱቁም ከዚህ ሚዛን አያመልጥም። ጠላቂ የሚፈራ ገዢ ነው፤ ፍርሃቱም ምክንያት አለው። ይህን ፍርሃት ይዞ «ከኢንተርኔት የተገዛ ሬጉሌተር ይገድልሃል» የሚል ሻጭ አለ። ሬጉሌተሩ የአውሮፓውን ኢኤን 250 መለኪያ ያሟላ ከሆነ ከየትም ቢገዛ ያው ነው፤ ልዩነት የሚኖረው አምራቹ ካልፈቀደለት ሻጭ ሲገዛ ዋስትናው ሊቀር በመቻሉና ዕቃውን በየጊዜው ፈትቶ የሚያድስ ባለሙያ በማግኘቱ ላይ ነው። እውነቱን መናገር የሻጩ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው፤ አጋንኖ ማስፈራራት ግን ሌላ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኳይናስ ሱማ ቴዎሎጂካ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ጥሩ መስመር አስምሯል። ሻጩ ዕቃውን በማጣቱ ለሚደርስበት ጉዳት ተጨማሪ ዋጋ መጠየቅ ይችላል፤ ገዢው አብዝቶ ስለፈለገው ብቻ ግን ዋጋ ሊጨምርበት አይችልም፤ የራሱ ያልሆነውን መሸጥ ይሆንበታልና። ፍርሃቱም የገዢው ነው። ባለሱቁ ለሰዓቱ፣ ለልምዱ፣ ለኮምፕረሰሩ ማስከፈል ይችላል፤ በገዢው ፍርሃት ግን አይችልም። የሻጩ በደል ግን የገዢውን አያብስም። «እሱም ያጋንናል» ብሎ ሰዓቱን መውሰድ የማይገናኙ ሁለት ሒሳቦችን ማጣፋት ነው።

የድሃው ጠላቂ ጉዳይ ብዙ አያቆየንም። ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ርካሹን መግዛት መብቱ ነው፤ ለዚህ ግን መዋሸት አያስፈልገውም። «ዛሬ አልገዛም፤ ምናልባት ከሌላ ቦታ ነው የምገዛው፤ ልኬን ግን ማወቅ እፈልጋለሁ» ቢል ሚሽና የሚከስበት ነገር አይኖርም። ባለሱቁ እንቢ ሊል፣ ለልኬቱ ብቻ ሊያስከፍል፣ ወይም ሥራ ፈትቶ ከሆነ በደስታ ሊያሳየው ይችላል። ምርጫው የእሱ ይሆናል። ይህችን ዓረፍተ ነገር መናገር የሚያሳፍር ከሆነ፣ እፍረቱ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ፤ ሰውየው ስትነገር ምን እንደሚያጣ አስቀድሞ አውቋል።

የሚቀረው ከሁሉም የሚያስቸግረው ሰው ነው፤ ልቡን ራሱ የማያውቀው። ሊገዛ አስቦ ገብቷል፣ ልብሱም ልኩ ሆኗል፣ ዋጋውን ሲሰማ ግን ደነገጠ፤ ስልኩ ላይ ያለው ዋጋ በእጅጉ ያንሳል። ይህ ሰው ሲጠይቅ አላታለለም፤ የሚሽናም ክስ አይነካውም። ያለበት ነገር ቢኖር ያየውን ዋጋ ለባለሱቁ አሳይቶ ያዋጣው እንደሆነ መጠየቅ ነው፤ ካላዋጣው አመስግኖ መሄድ ይችላል። ግማሽ ልቡ ስልኩ ላይ፣ ግማሽ ልቡ ሱቁ ውስጥ ሆኖ የሚገባው ደግሞ አለ፤ ምናልባት አብዛኞቻችን ይህኛው ነን። ለእሱ ከውጭ የሚፈርድበት ሰው የለም፤ ታልሙድም ፍርዱን ለልብ የተወው ይህን አይቶ ይመስለኛል። ጥርጣሬውን ለራሱ ከማቆየት ግን ባለሱቁ ልብሱን ከመስቀያው ሳያወርድ በፊት ቢነግረው፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሰዓት ሁለቱም አውቀው ያወጡት ይሆናል።